ሊኑክስን ከመጫናችሁ በፊት ቅመሱት

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው፤ ኡቡንቱና ሚንት ከዓይነቶቹ ናቸው። «ኡቡንቱ ይሻላል ወይስ ሚንት?» እያላችሁ ሰው ከምትጠይቁ፣ ሦስት አራቱን በአንድ ፍላሽ ይዛችሁ በራሳችሁ ላፕቶፕ ሞክሩ። ቬንቶይ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ አንዴ ትጭናላችሁ፤ ከዚያ የአይኤስኦ ፋይሎቹን (እያንዳንዱ ሊኑክስ ተጠቅልሎ የሚወርድበትን ፋይል) እንደ ፊልም ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። 16 ጊጋ ፍላሽ ለሊኑክስ ሚንት፣ ለሉቡንቱና ለፌዶራ ይበቃል። አንዱ ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ጥቅላችሁን ከምትጨርሱ ካወረደ ጓደኛ ቅዱ። ላፕቶፑን ስታስነሱ ከፍላሹ እንዲጀምር አድርጉ (ብዙዎቹ ላይ ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ነው)፤ የቀዳችኋቸው ሊኑክሶች ዝርዝር ይመጣላችኋል፣ አንዱን ትመርጣላችሁ።

ሲስተሙ ከፍላሹና ከራሙ ላይ ስለሚሠራ፣ «ጫን» የሚለውን እስካልነካችሁ ድረስ ዊንዶውሳችሁ ባለበት ይቆያል። እኔ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣሁ ባለ 4 ጊጋ ራም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ስሞክር፣ አንደኛው ዋይፋዩን ጭራሽ አላየውም፤ ሁለተኛው ቶናው ሳይቀዳ አገናኘኝ። ምርጫው እዚያው አለቀ። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ የስክሪን ብርሃን፣ የአማርኛ ኪቦርድ፦ የምትፈትሹት እነዚህን ነው። መልኩን በኋላም ትቀይሩታላችሁ።

ፍጥነቱን ግን በዚህ አትፍረዱ፤ ፍላሽ ከዲስክ ይዘገያል። ቬንቶይ ሲጫን ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ ስለሚያጠፋ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለበትን እንዳታነሱ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በሙከራ ላይ የሠራችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዛችሁ መብራት ከሄደ ደግሞ ሀ ብላችሁ ነው።