በተጨናነቀ ሰፈር የውሃና የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ፦ ችግርና መፍትሄ

ቤት ከቤት በተጣበቀበት ሰፈር የተቀበረ መስመር ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከመንስኤው ራቅ ብሎ ነው። ውሃ የታየበትን ቦታ ሁሉ መቆፈር ድካም ብቻ ነው።

በግፊት ሙከራ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ይወርዳል

መጀመሪያ ቧንቧው ከምን እንደተሠራ ይታይ። ኤችዲፒኢ (ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ) ግፊት ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጌጁ የሚወርደው አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ሊሆን ይችላል። ውሃ እየጨመሩ ግፊቱን ይዞ ማቆየትና መለጠጡ ጋብ ሲል ልኬቱን መጀመር ነው። መስመሩ የብረት ከሆነ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አየር ነው። ፓምፑ ብዙ ውሃ እየገፋ ግፊቱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ አየር ታፍኗል። መስመሩን ከዝቅተኛው ጫፍ በዝግታ መሙላት፣ በየከፍታው ማስወጫ መክፈት ያስፈልጋል። ቧንቧው በኬብል ላይ ለማለፍ ከፍ ያለበት ቦታ አይዘንጋ፤ ፕላኑ ላይ የሌለ ጉብታ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

ሁለቱም ካልሆነ በእርግጥ ያፈሳል። ሙከራው በተለምዶ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ሆኖ፣ የቧንቧው ወገብ አፈር ለብሶ መጋጠሚያው ግን ሳይሸፈን የሚደረገው ለዚህ ነው። የኤሌክትሮፊውዥን ማያያዣ (በኤሌክትሪክ ሙቀት ቀልጦ ከቧንቧው ጋር የሚዋሃድ) ካንጠባጠበ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፋቂው ነው፦ የቧንቧው ጫፍ ዙሪያውን 0.2 ሚሊሜትር ያህል ካልተፋቀ ከላይ ያለው ኦክሳይድ ውህደቱን ይከለክላል። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት መፋቅ አይደለም። ያንጠባጠበ ማያያዣ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።

በጎማ ቀለበት የሚጋጠም መስመር ከሆነ መታጠፊያውን ይመልከቱ። በ200 ሚሊሜትር ቧንቧና በ10 ባር፣ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል 44 ኪሎኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ4.5 ቶን ክብደት ያህል ነው። የኮንክሪት መደገፊያው ያልተነካ አፈር ካላገኘ ይሸሻል። ከጀርባው የቴሌ ወይም የመብራት ቦይ ተቆፍሮ ከነበረ አፈሩ ልል ነው፤ ያኔ ኮንክሪቱን ከማተለቅ መጋጠሚያዎቹን በሚቆልፍ ማሰሪያ መያዝ ይሻላል።

የፍሳሽ መስመሩ ተጠርጎ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይደፈናል

ተጠቃሚው የጣለው ጨርቅ ይወቀሳል፤ ጨርቁ ግን የሚቆመው ውሃው በሚቆምበት ነው። ለ200 ሚሊሜትር ቧንቧ በተለምዶ የሚያዘው ዝቅተኛ ስሎፕ (የቁልቁለት መጠን) 0.4 በመቶ ነው። ይህ በአንድ የ6 ሜትር ቧንቧ 2.4 ሴንቲሜትር ብቻ ማለት ነው። አንዱ ጫፍ 2 ሴንቲሜትር ከሰመጠ ወይም ከተነሳ ስሎፑ አለቀ።

ለማረጋገጥ በአንዱ ማንሆል መብራት፣ በሌላው መስታወት ይያዝ። ክቡ ሙሉ ካልታየ መሃሉ ሆድ አውጥቷል ወይም ተጣሟል። ሙሉ ክብ ግን ቀጥ ማለቱን እንጂ ስሎፑን አይነግርም፤ እሱን ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ነው የሚነግረን።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ተቆፍሮ በልል አፈር የተሞላ ወለል ወይም በከርሰ ምድር ውሃ የላቆጠ ጭቃ ነው። ከውስጥ ሽፋን ማልበስ ሆዱን አያቃናም። ያ ክፍል ተከፍቶ ልሉ አፈር ይወጣል፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ደቃቅ ጠጠር ይነጠፋል፣ ለየቧንቧው ሰፊ አፍም ቧንቧው በወገቡ እንዲያርፍ ትንሽ ጉድጓድ ይከፈትለታል። ስሎፕ ሲያጥር ቧንቧውን ማስፋት ደግሞ ማታለያ ነው፤ ያው ጥቂት ፍሳሽ በሰፊ ወለል ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ከተሞላ በኋላ መንገዱ ይሰምጣል

አፈሩ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ከላይ ብቻ ተጠቅጥቋል። ንብርብሩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ በቧንቧው ሁለት ጎን በእኩል ይሞላል፤ ከአናቱ በላይ 30 ሴንቲሜትር እስኪደርስ ከባድ ማሽን አይውጣበት። አፈሩ ደረቅ አቧራ ወይም ጭቃ ከሆነ የቱንም ያህል ቢመቱት አይጠቀጠቅም።

ከቦዩ ዳር ትይዩ ስንጥቅ ይታያል

ሰው ወዲያው ይውጣ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ይመዝናል። ከ1.5 ሜትር የጠለቀ ቦይ ድጋፍ ይፈልጋል፤ የወጣው አፈርም ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ከዳሩ ይራቅ። አጠገቡ የቤት መሠረት ካለ በአጭር በአጭር ቆፍሮ፣ ቀብሮ፣ ጠቅጥቆ ማለፍ እንጂ ረጅም ቦይ ከፍቶ ማሳደር አይገባም።

ፕላኑ ባዶ ባለው ቦታ ቧንቧ ወይም ኬብል ይወጣል

ፕላን ፍንጭ ነው። ኬብል የሚጠቁመው መሣሪያ የፕላስቲክ ቧንቧ አያይም፤ ስለዚህ መስመሩ ከመወሰኑ በፊት በእጅ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር። የተገኘው አሮጌ የፍሳሽ ቧንቧ ከሆነና የውሃ መስመሩ እሱን መሻገሩ ካልቀረ፣ ውሃው ከላይ ሆኖ ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ይራቀው። መሻገሪያው ላይ የአንድ ሙሉ ቧንቧ መሃል ይዋል፤ መጋጠሚያዎቹ ከፍሳሹ በሁለቱም በኩል የሚርቁት ያኔ ነው።