በእጅ የተሳለበት ረከቦት ለምን ቶሎ ይላጣል? የቤት ዕቃ ላይ ስንስል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ረከቦት፣ በርጩማ፣ የልብስ ሳጥን፣ የመስታወት ፍሬም፣ የእንጨት ትሪ ላይ በእጃቸው የሚስሉ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ እጃቸው ጎበዝ ነው። ቅንድብን በአንድ ጭረት አውጥተው የሚያሳርፉ ልጆች አይቻለሁ። የሚጎድላቸው ሥዕሉ አይደለም። የሚስሉበት ነገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሸራ አለመሆኑን ይዘነጋሉ። ረከቦት ውሃ ይፈስበታል፣ ትኩስ ጀበና ይጠጋዋል፣ ቡና በተጠጣ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። በርጩማ ይጎተታል፣ ይገለበጣል፣ ሕፃን ይወጣበታል። ሥራችን ይህን ሁሉ መቻል አለበት።

ከማያቸው ስህተቶች አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያበሳጨኛል። እሱን አስቀድማለሁ።

የሚያብረቀርቅ እንጨት ላይ በቀጥታ መቀባት

ከአናጢ ቤት የሚወጣ ረከቦት አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሽ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ጀማሪው ይገዛዋል፣ በጨርቅ አቧራውን ጠረግ ያደርገዋል፣ ከዚያ የአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለሙን ከፍቶ አበባ መሳል ይጀምራል። ቀለሙ ይይዝለታል፣ ይደርቅለታል፣ ፎቶው ያምርለታል። ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቀለሙ ግን እንጨቱን አልያዘውም፤ ቫርኒሹ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።

አንዲት ደንበኛ ለሠርጓ ስጦታ የተሰጣትን ረከቦት ይዛልኝ መጣች። ዙሪያውን በሐረግ ያጌጠ፣ የሠራው ሰው ብዙ ሌሊት ያደረበት እንደሆነ የሚያስታውቅ ሥራ ነበር። ቡና አፍልታ ስትጨርስ ስትወለውለው የአንዱ ቅጠል ጫፍ ተነሣ። በጥፍሯ ሳብ ስታደርገው ግማሹ ሐረግ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ አብሮ መጣ። ከሥሩ ያለውን ቫርኒሽ አየሁት፤ አንድም የብርጭቆ ወረቀት ጭረት የለበትም። ያ ሁሉ ሌሊት በግማሽ ሰዓት ፍተጋ እጦት ጠፋ። በሥራው ጥራት አዘንኩ፣ በዝግጅቱ ተናደድኩ። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ወደ ቤቴ መምጣቱን ዛሬም አላቆመም።

እባካችሁ ፈትጉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት። ቡና ሲፈላበት የኖረ ረከቦት ከሆነ ሳሙና ብቻ አይበቃውም። የእጣን ጭስ ሙጫነት ያለው ስስ ሽፋን ይተውበታልና አልኮል ባራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ከታጠበ በኋላ እንጂ ከመታጠቡ በፊት አትፈትጉት፤ ቅባቱን እየፈተጋችሁ ወደ ጭረቱ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሰዱና የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ፈትጉ፣ በ220 ጨርሱት። የእንጨቱ ገጽ በብርሃን ፊት ሲታይ ድብዝዝ ማለት አለበት። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከቀረ እዚያ ነጥብ ላይ ቀለሙ ይለቅቃል። ጠብታ ውሃ አድርጉበት፤ እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከቆመ ገና ነው፣ ከተዘረጋ ደርሷል። ብናኙን እርጥበት ባለው ጨርቅ አንሥታችሁ ፕራይመር (ከሥዕሉ በፊት የሚቀባ፣ ቀለም የሚያስይዝ የመጀመሪያ እጅ) ቀቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሥዕል ብሩሽ የሚነሣው።

ለማመን ለሚቸገር ሰው ፈተና አለ። በቁራጭ እንጨት ላይ ሁለቱንም ሞክሩ፤ አንዱን ፈትጋችሁ፣ አንዱን ሳትፈትጉ። ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ በምላጭ መስቀለኛ ቅደዱት፣ ፕላስተር ለጥፉበትና በኃይል ንቀሉት። ተማሪዎቼን ከማስተማሬ በፊት የማሠራቸው ይህን ነው። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይከራከረኝም።

ያልደረቀ እንጨት

እርጥብ ባሕር ዛፍ ወይም ገና ከመጋዝ የወጣ ዋንዛ ላይ የተሣለ ሥዕል ከእንጨቱ ጋር ይሰነጠቃል። ይህን ለአናጢው ንገሩት፣ እንጨቱን በእጃችሁ አንሡት፤ ከባድና ቀዝቃዛ ከሆነ ይቆይ። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ላይ ደረቅ የመሰለ እንጨት ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ሲገባ፣ በክረምቱ የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ይበልጥ ይኮማተራል፤ የተጋጠሙት ጣውላዎች ይላቀቃሉ፣ በመጋጠሚያው ላይ የተሣለው ፊት ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ዋናውን ምስል መጋጠሚያ ላይ አታሳርፉ።

የጽድ እንጨት የራሱ ጠባይ አለው። ያ የምንወደው ሽታው ዘይቱ ነው፤ ዘይቱ የዘይት ቀለምን እንዳይደርቅ ያዘገየዋል፣ ነጭ ቀለምን ሰርጎ ያቆሽሸዋል። ጉጥ ያለበት እንጨት ሁሉ እንዲሁ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከፕራይመሩ በፊት ሁለት እጅ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት መሸፈኛ)። ነጭ ቀለም ደራርቦ እድፉን ለመሸፈን መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል።

መላእክትን መቀመጫ ላይ መሳል

ይህ የቀለም ጉዳይ አይደለም፣ ግን ዝም አልልም። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ጀማሪ ሁሉ እነሱን መሳል ይወዳል። እኔም እወዳቸዋለሁ። የተሣሉት ግን ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲያያቸው ነው። እነዚያን ዓይኖች በርጩማ መቀመጫ ላይ ስንስላቸው ሰው ይቀመጥባቸዋል። አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ሳለን አንዲት እናት እንዲህ ያለ በርጩማ ቀርቦላቸው፣ “በመልአክ ላይ ምን ብዬ ልቀመጥ ልጄ?” ብለው ቆመው ቀሩ። ሌላ መቀመጫ እስኪመጣ ማንም ሰው አልተቀመጠም። የቤቱ ባለቤት ያን በርጩማ በደግነት ነበር የገዛችው፤ ያሳፈራት የሠዓሊው አለማሰብ ነው።

የሙስሊም ቤት ሲሆንም ጥንቃቄው ያው ነው። የቁርኣን አንቀጽ የተጻፈበት ትሪ ላይ ብርጭቆ አይደረደርም። ፊቱንና ቅዱሱን ጽሑፍ ለግድግዳ ጣውላ ተዉት። ለመቀመጫና ለትሪ ሐረግ አለ፣ ወፍ አለ፣ አበባ አለ፣ የጥልፍ ጥለት አለ።

ሐረግን ሳይለኩ መጀመር

ሐረግ በግዕዝ የብራና መጻሕፍት የምዕራፍ ራስ ላይ ለዘመናት ሲሣል የኖረ ጌጥ ነው፤ ለቤት ዕቃ ጠርዝ ከእሱ የሚስማማ አላውቅም። ጀማሪዎች ግን ከአንዱ ማዕዘን ተነሥተው እየሣሉ ይዞራሉ፣ ሲመለሱ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ክፍተቱን በአንዲት ትንሽ አበባ ይሸፍኑታል። ያቺ አበባ ሁልጊዜ ታስታውቃለች።

ለኩ። የትሪው ጎን 47 ሴንቲ ሜትር ከሆነና አንዱ ጠለፋ (መስመሮቹ የሚጠላለፉበት አንድ ዙር) 5 ሴንቲ እንዲሆን ከፈለጋችሁ አይገጥምም፤ ለዘጠኝ ብትከፍሉት ግን እያንዳንዱ 5.2 ሴንቲ ገደማ ይሆናል፣ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። አራቱን ማዕዘኖች አስቀድማችሁ ሣሉ፣ ከዚያ መሐሉን ሙሉ። ጠለፋው ላይ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፦ መስመሩ አንዴ ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ከሥር ያልፋል፣ እንደገና ከላይ፣ እንደገና ከሥር። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከላይ ካለፈ ጠለፋው ይፈታል። ይህን በእርሳስ ሳላችሁ አጣሩ፤ በቀለም ከሆነ በኋላ ማስተካከል ጭቃ ያደርገዋል። ጥቁሩን መስመር መጨረሻ ላይ አውጡት። ቀለሞቹን አታብዙ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለአንድ ሐረግ ከበቂ በላይ ናቸው።

ንድፉን ወደ እንጨቱ ስታስተላልፉ ካርቦን ወረቀት አትጠቀሙ። ሰሙ ቀለም አያስይዝም፣ መስመሩም በነጭና በቢጫ ሥር ይታያል። የወረቀቱን ጀርባ በጠመኔ ቀብታችሁ በላዩ ሣሉበት፤ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል።

ባጭሩ የማልፋቸው

በዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም ወይም አክሪሊክ አይቀባም። ተቃራኒው ይቻላል።

አንድ ወፍራም እጅ ከመቀባት ሦስት ስስ እጅ ይሻላል። ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ይጨማደዳል።

የእግሩን ሥርና የጣውላውን የተቆረጠ ጫፍ ሳይቀቡ መተው፦ ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው።

እሳት ላይ የሚጣድ ጀበና አይቀባም። ቀለሙ ይቃጠላል፣ ጭሱም ቡናው ጋ ነው። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ግን የወደዳችሁትን ሣሉበት። ሲኒ፣ ሳህንና የእንጨት ማንኪያም እንዲሁ፣ ምግብና ከንፈር የሚነካው ቦታ ላይ የዕደ ጥበብ ቀለም አይገባም።

የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ ውስጡ ካልታሸገ የአፈሩ እርጥበት በሸክላው ሰርጎ ቀለሙን ከውጭ ገፍቶ ይጥለዋል።

የዚንክ ባልዲ ላይ ተራ የዘይት ቀለም አይቆይም፤ ቀለሙ ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ወደ ሳሙናነት ስለሚለወጥ ይላጣል። ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ጠይቁ።

መሶብ አይቀባም። የስፌት ቀለም የሚነከረው አክርማው ከመሰፋቱ በፊት ነው፤ በተሰፋ ላይ ቀለም መለቅለቅ የሰፊዋን ድካም መቅበር ነው።

ለጤና

አሮጌ ቁም ሣጥን ወይም አልጋ ስታድሱ የቀድሞው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት እንደሚችል አስቡ። በኢትዮጵያ የቀለም የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚገድበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ይህን ገደብ ያሟላል ብላችሁ አትገምቱ። በደረቁ አትፈትጉት። ውሃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ ፈትጉ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ከአካባቢው ይራቁ፣ ዝቃጩን አጥባችሁ ግቢ ውስጥ አትድፉት።

ሌላው የተልባ ዘይት ነው። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ ወይም ከረጢት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ ጨርቁ ከተጨማደደ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም እሳት ሳያቀርብለት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ዝፈቁት። የአናጢ ቤት በመጋዝ ዱቄት የተሞላ ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ስለማታገኙ ነው አጥብቄ የምናገረው።

መቀባት የሌለበትን መቀባት

አንድ ወጣት ከአያቱ የወረሰውን የጅማ በርጩማ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ሊያሳየኝ አመጣ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው በዘመን ብዛት የተወለወለ በርጩማ ነበር። ልጁ ደስ ብሎት ነበርና ልቡን መስበር አልፈለግሁም። አብረን ቀለሙን ስናነሣው ግን ብዙ ቀን ፈጀብን፣ ያ የቀድሞ ልስላሴውም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እጅና ዘመን ያሳመሩት እንጨት የእኛን ቀለም አይፈልግም። ለመለማመጃ አዲስ ጣውላ፣ ተራ በርጩማ፣ የተጣለ መሳቢያ ሞልቷል። እነሱ ላይ ደፍራችሁ ሣሉ፣ አበላሹ፣ ፍቃችሁ ድገሙ።

ለበዓል ማድረስ

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ መሐል ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሥዕሉን ጉም ለብሶ ያገኘዋል፤ እርጥበት ነው። ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ቤት ውስጥ ቀቡ። በጥርና በየካቲት ደግሞ ጠላታችን አቧራ ነው፤ ወለሉን ውሃ ረጭታችሁ በሩን ዝጉ። የቫርኒሽ ጣሳ አይናወጥም፣ ቀስ ተብሎ ይማሰላል፣ ካልሆነ አረፋው ሥዕሉ ላይ ይደርቃል። ነጭ የበዛበት ሥዕል ላይ የዘይት ቫርኒሽ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ስለሚያደርገው በውሃ የሚሟሟውን ምረጡ።

አክሪሊክ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጅ አይነካም ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ረከቦት የሚፈልግ ደንበኛ ጳጉሜን ላይ ሲመጣ እምቢ ማለትን ልመዱ፤ ገንዘቡ ያጓጓል፣ ገና ያልጠነከረ ዕቃ ግን በበዓሉ ማግስት ሲኒው ተጣብቆበት ይመለስላችኋል። ስታስረክቡም በጋዜጣ አትጠቅልሉት፣ ቀለሙ ይታተምበታል። በላስቲክም አታፍኑት። በንጹሕ አቡጀዴ ጠቅልላችሁ ስጡ፤ ለመጀመሪያው ወር ትኩስ ነገር በቀጥታ እንዳይቀመጥበት፣ ሲጸዳም በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲሆን ለደንበኛው በቃል ንገሩት፣ በወረቀትም ጽፋችሁ ከዕቃው ሥር ለጥፉለት።