አትክልትና ጥራጥሬ ማብዛት ስትጀምሩ ቶሎ እንድትተዉት የሚያደርጉ ስህተቶች

ስጋና ወተት ቀንሰው አትክልትና ጥራጥሬ ማብዛት ከሚጀምሩ ሰዎች መሀል ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላቸው የሚተዉት ብዙ ናቸው፣ ምነው ስትሏቸው ደግሞ "ሰውነቴ አልተቀበለውም" ነው መልሱ። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ምንም አላጠፋም፣ አጀማመሩ ነው የተበላሸው። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ጉዳይ ራብና ጣዕም ነው፣ የማያጠግብና የማይጣፍጥ ነገር ለጤናዬ ብሎ ዓመት ሙሉ የሚበላ ሰው የለም በቃ።

የመጀመሪያው ስህተት ስጋውን ከሳህኑ አንስቶ በቦታው ምንም አለማስገባት ነው። ሰላጣ በልቶ የሚውል ሰው ከሰዓት ላይ ራሱን ሲያዞረው ምን ይገርማል? 100 ግራም የሰላጣ ቅጠል 15 ካሎሪ ገደማ ነው ያለው፣ ያው ውሃ ማለት ነው፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር ግን 115 ካሎሪ አካባቢ፣ 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ገደማ ፋይበር (ሰውነታችን የማይፈጨው የእፅዋት ክፍል) ይዟል። ስለዚህ ስጋው የነበረበት ቦታ ላይ ጥራጥሬ ነው መግባት ያለበት፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ቶፉ (ከሶያ ወተት የሚሰራ አይብ መሰል ነገር)፣ የተስማማችሁ ይሁን፣ ሰላጣው ከጎን ይምጣ።

እዚህ ላይ "ፕሮቲንስ?" የሚል ጥያቄ አይቀርም። ለጤነኛ አዋቂ የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን በኪሎ 0.8 ግራም ነው፣ 60 ኪሎ ከሆናችሁ በቀን 48 ግራም ማለት ነው፣ በየማዕዱ ጥራጥሬ የሚበላ ሰው እዛ ለመድረስ አይቸገርም (በእድሜ ለገፉ ሰዎች ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል)። ሩዝና ቦሎቄ የግድ አንድ ሳህን ላይ ካልተገናኙ ፕሮቲኑ ጎዶሎ ነው የሚባለው ደግሞ የድሮ ወሬ ነው፣ በቀኑ ውስጥ የተለያየ ነገር ከበላችሁ ሰውነት ራሱ ያሟላዋል።

ሁለተኛው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መገልበጥ። እስከ ትናንት ፋይበር ብዙም የማያውቅ ሆድ ዛሬ አንድ ትልቅ ሳህን ቦሎቄ ሲወርድበት ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ሰው መሀል ያሳፍራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ጥራጥሬ ውስጥ እኛ መፍጨት የማንችላቸው የስኳር አይነቶች አሉ፣ እነሱ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎቹ ይበሏቸውና ጋዝ ይሰራሉ። ባክቴሪያዎቹም ሆኑ አንጀቱ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ፣ ጊዜ ስጧቸው እንጂ። በቀን ሁለት ሶስት ማንኪያ ብላችሁ ጀምሩ፣ ከቀይ ምስር ብትነሱ ደግሞ ቆዳው የተገፈፈ ስለሆነ ይቀላል፣ ደረቅ ጥራጥሬ ከሆነ ማታ ዘፍዝፋችሁ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉትና በአዲስ ውሃ ቀቅሉ፣ የምትጠጡትንም ውሃ ጨምሩ፣ ፋይበር ያለ ውሃ ድርቀት ያመጣል። ቀይ ቦሎቄ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ በደንብ ካልበሰለ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዛም ነገር አለው፣ ከተዘፈዘፈ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ መፍላት አለበት፣ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን መጨመር አይሆንም፣ ሙቀቱ ላይበቃው ይችላል።

መጀመሪያ ቁርስን ብቻ ቀይሩ፣ ወይ ደግሞ አሁንም ከምትወዷቸው ምግቦች መሀል ስጋ የሌለባቸውን ቆጥራችሁ እነሱን ደጋግሙ። ሁሌም አንድ ሁለት እንደዛ ያለ ምግብ አይጠፋም።

አሁን ወደ ጣዕሙ፣ እኔ በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ነው፣ ካሮትና ብሮኮሊ በውሃ ቀቅሎ "ጤናማ ምግብ ነው" ብሎ ፊትን አጨማዶ መብላት። ስጋ የሚጣፍጠው ስላለው ስብ፣ ስለተደረገበት ጨው፣ ሲጠበስ ቡናማ ስለሚሆንና ኡማሚ የሚባለው፣ እንደ ስጋ መረቅ ያለው ጣዕም ስላለው ነው። ኡማሚን በ1908 ያገኘው ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፣ ያገኘውም ስጋ ውስጥ ሳይሆን ኮምቡ ከሚባል የባህር አረም መረቅ ውስጥ ነው! ስለዚህ ከእፅዋትም ይገኛል፣ ቲማቲም ድልህ፣ ሶያ ሶስ፣ የደረቀ እንጉዳይ በደንብ አላቸው። ድልሁን ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ዘይት ላይ መልኩ እስኪጠቁር አቁላሉት፣ ሌላ ምግብ ነው የሚሆነው።

እንጉዳይም እንደዛው፣ መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ እንጉዳዩ ሳይደራረብ ይዘርጋ፣ ከተከመረ በራሱ ውሃ ይቀቀልና እንደ ጎማ ይሆናል። ውሃውን ለቆ፣ ያ ውሃ ደርቆ፣ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሲሆን ነው ጨው የሚገባው። ቶፉን በንፁህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጭናችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዛ ዘይት ላይ ስታደርጉት አትነካኩት፣ አንዱ ጎን ራሱ ከመጥበሻው እስኪላቀቅ ጠብቁ። ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፣ ቀድመው ከገቡ አሲዱ ቦሎቄውን ያጠነክረውና ሰዓታት ብታበስሉት አይለሰልስም። ብዙ ሰው ጋዙን ይጨርስና ቦሎቄውን ይረግማል።

ቫይታሚን ቢ12ን መርሳት፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ቢ12 የሚሰሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ከእፅዋት የሚታመን ቢ12 አይገኝም፣ ስፒሩሊና (ውሃ ውስጥ የሚያድግ፣ በዱቄት የሚሸጥ አረንጓዴ ነገር) አለው የሚባለውም አብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት አይነት ነው። ጉበት ያጠራቀመው ለዓመታት ስለሚያቆይ መጀመሪያ ላይ "ምንም አልሆንኩም'ኮ" ያስብላል፣ ከዛ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ መርሳት ይመጣል፣ ከቆየ የነርቭ ጉዳቱ ላይድን ይችላል። አትክልት ውስጥ በብዛት ያለው ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ደግሞ ቢ12 ሲያንስ የሚመጣውን የደም ማነስ ስለሚደብቀው ችግሩ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል፣ ስጋ፣ እንቁላልና ወተት ሙሉ በሙሉ ካቆማችሁ እንክብሉን ውሰዱ ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ አዘውትራችሁ ብሉ፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ብረትና ካልሲየም ላይ ያለው ስህተት የአበላል ነው። የእፅዋት ብረት ሰውነት ውስጥ ለመግባት ትንሽ ያስቸግራል፣ ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፣ ሻይና ቡና ያግዱታል፣ እና ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ሻዩን ከአንድ ሰዓት በኋላ አድርጉት። ካልሲየም ብላችሁ ስፒናች ላይ አትተማመኑ፣ ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ይይዘውና ከያዘው ካልሲየም ሰውነት የሚያገኘው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው፣ ጎመን በብዙ ይሻላል። ካልሲየም የተጨመረበት የሶያ ወተት የምትገዙ ከሆነ ሳትቀዱ በፊት በደንብ ናጡት፣ ካልሲየሙ ከስር ይዘቅጣል፣ ብዙ ሰው ላዩን ጠጥቶ ዋናውን ከነካርቶኑ ይጥለዋል። ተልባም ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል፣ ለኦሜጋ 3 ከሆነ ፍጩት።

"ከእፅዋት የተሰራ" የሚል ፅሁፍ ስላየ ብቻ ጤናማ ነው ብሎ መግዛትም አለ። የድንች ጥብስና ለስላሳ መጠጥም እኮ ከእፅዋት ናቸው! ስጋ መሰል በርገሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የኮኮናት ዘይት ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከመቶ 80 በላይ ሳቹሬትድ ፋት (ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ የስብ አይነት) ነው፣ ጨውም አይቀርም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ነው የሚለው። አልፎ አልፎ ቢበላ ምንም አይደል፣ በየቀኑ ግን የምስሩን ቦታ ሊይዝ አይገባም።

አንድ ቀን ስጋ በልቶ "በቃ አበላሸሁት" ብሎ መተው፣ ወይ ደግሞ ቤተሰብ ሲበላ ማስተማር መጀመር፣ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ተዉት።

የመጨረሻው ነጥብ መድሃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድሃኒት ላይ ያለ ሰው አመጋገቡ በብዙ ሲቀየር ስኳሩም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፣ መድሃኒቱ በድሮው መጠን ከቀጠለ ከልክ በላይ ይወርድና አደጋ ይሆናል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድሃኒት) የሚወስድ ደግሞ ጎመንና ስፒናች በድንገት ቢያበዛ ቫይታሚን ኬው የመድሃኒቱን ስራ ያዳክመዋል፣ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ጥራጥሬው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊበዛበት ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ።