መኪና ተሰልፎ ካዝና ባዶ ሲሆን፦ የዲቴይሊንግ ዋጋ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከላቫጆ ወደ ዲቴይሊንግ፣ ማለትም መኪናን ከውስጥም ከውጭም በጥልቀት አጽድቶ ቀለሙን ወደ ማሳመር ሥራ፣ የሚያድግ ቤት ማሽኑን፣ ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን የመወልወያ ፓድና ኬሚካሉን ይቀይርና የዋጋ አወጣጡን እዚያው ላቫጆ ላይ ይተወዋል። ላቫጆ ገቢው በመኪና ቁጥር ነው፤ ዲቴይሊንግ ግን የሚሸጠው ሰዓት ነው። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ። የብር መጠኖቹ ለስሌት ማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው።

ምልክት፦ ሥራ ሞልቷል፣ የኪራይ ቀን ሲደርስ ግን ብድር ይፈለጋል

ምክንያቱ፦ ዋጋው የወጣው ጎረቤት ከሚያስከፍለው ትንሽ ተቀንሶ ነው። ጎረቤቱ ግን ቦታው የራሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እሱም እየከሰረ ይሆናል። በዚያ ላይ ባለቤቱ ለራሱ ደመወዝ አልቆረጠም።

መፍትሄው የሰዓት ዋጋ ማውጣት ነው። የወሩን ቋሚ ወጪ ደምሩ፦ ኪራይ 45,000፣ የሦስት ሠራተኛ ደመወዝ 30,000፣ የባለቤቱ 20,000፣ መብራት፣ ውሃና ጥበቃ 9,000፣ ለማሽን መጠገኛና መተኪያ 6,000፤ በድምሩ 110,000 ብር። ሦስት ሰው በቀን 8 ሰዓት ለ26 ቀን ሲሠራ 624 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን መኪና ላይ አይውልም፤ መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ደንበኛ ይቀራል። 60 በመቶውን ብቻ ቁጠሩ፤ 374 ሰዓት ነው። 110,000 ለ374 ሲካፈል አንዱ ሰዓት ወደ 294 ብር ይመጣል፤ 300 በሉት።

ቀጥሎ ዕቃው። በግምት አትያዙት። የኮምፓውንዱን (ጭረት የሚያወጣውን የፖሊሽ ቅባት) ጠርሙስ ከሥራ በፊትና በኋላ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ጠዋት 870 ግራም የነበረው ማታ 760 ከሆነ 110 ግራም ሄዷል፤ ኪሎው 6,000 ብር ከተገዛ ያ መኪና 660 ብር በልቷል። 1,500 ብር የሆነ ፓድ አሥር መኪና ቢሠራ ለአንዱ 150 ብር ነው። ሻምፖ፣ ፎጣና የወረቀት ፕላስተር 90 ብር ቢሆኑ ጠቅላላው 900 ነው።

አንድ ኮሮላ ባለ አንድ ዙር ፖሊሽ ሁለት ሰው 5 ሰዓት ከያዘ 10 የሥራ ሰዓት፣ 3,000 ብር ነው፤ ከዕቃው ጋር 3,900። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከሽያጩ 25 በመቶ ትርፍ የሚፈልግ ሰው 3,900 ላይ 25 በመቶ ቢጨምር 4,875 ያገኛል፤ ይህ ግን ከሽያጩ 20 በመቶ ብቻ ነው። ትክክለኛው 3,900ን ለ0.75 ማካፈል ነው፤ 5,200 ብር።

ምልክት፦ ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ትርፉ ግን ግማሽ ሆኖ ይገኛል

ተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝግባችሁ ለደንበኛው 5,200 ብላችሁ ከሆነ 15 በመቶው ከውስጡ ይወጣል፦ 5,200 ለ1.15 ሲካፈል 4,522 ስለሆነ ታክሱ 678 ብር ነው። ኬሚካሉን መርካቶ ያለ ደረሰኝ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ የሚቀናነስ ነገር የለም፤ ከ1,300 ትርፍ 622 ይቀራል። ስለዚህ የሚጠራው ዋጋ 5,980 ነው። ግዢውንም በደረሰኝ አድርጉ፤ ሲገዛ ውድ ይመስላል እንጂ።

ምልክት፦ ዋጋ ከተነገረ በኋላ ሥራው እጥፍ ሰዓት ይፈጃል

ምክንያቱ መኪናው ሳይታይ በስልክ ዋጋ መናገር ነው። በስልክ ከፈለጉ «ከዚህ እስከዚህ» በሉና ፎቶ በቴሌግራም አስልኩ። ቁርጡ ዋጋ የሚነገረው መኪናው ታጥቦ በመብራት ሲታይ ነው።

የሚታየው ይህ ነው። ጭረቱ ላይ ጥፍር ሲያልፍ ከያዘ በፖሊሽ አይወጣም፤ ቀድማችሁ ንገሩ። በቀለም ውፍረት መለኪያ ኮፈኑን፣ በሮቹንና ጣሪያውን ለኩ፤ የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፣ ብዙ መቶ ካሳየ ሥሩ ስቱኮ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግም ያልተቀባ አሮጌ መኪና ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህን መዝለል ዋጋ ያስከፍላል፤ የተቀባው ቀለም ለስላሳ ከሆነ ፖሊሹ ራሱ ጉም የመሰለ ምልክት ይተውና ሌላ ዙር ይጠይቃል። ኮፈኑ ላይ 40 በ40 ሳንቲሜትር ቦታ በፕላስተር ከልሉና ሞክሩ፤ የወሰደውን ደቂቃ ያዙ።

ውስጡስ? ሞኬት ላይ የፈሰሰ ወተት ወይም ቅቤ ካለ ወንበር ይፈታል። የመፍታቱን ሰዓት በሰዓት ዋጋችሁ አስቡና ለብቻው ጻፉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ ወንበር በዚያው ቀን ላይደርቅ ይችላል፤ መኪናው አድሮ ቦታ ስለሚይዝ ወይ ማድረቂያ ይገዛል፣ ወይ የማደሪያው ቦታ ዋጋ ላይ ይገባል። ከመስክ የተመለሰ ላንድክሩዘር በቪትዝ ዋጋ አይገባም፤ ከሥሩ ጭቃ ማውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ምልክት፦ ደንበኛው «ቀንሱልኝ» ሲል ሁልጊዜ ይቀነሳል

አሥር በመቶ ቀላል ይመስላል። ከ5,200 ላይ 520 ብር ሲወርድ ግን 1,300 የነበረው ትርፍ 780 ይሆናል፤ የሄደው የትርፉ 40 በመቶ ነው። ብር ከመቀነስ ሥራ ቀንሱ፦ «ሞተሩ ይቅርና በዚህ ይሁን»። ለራይድ ሹፌር መኪናው ቆሞ መዋሉ ራሱ ኪሳራ ስለሆነ ያለ ፖሊሽ ውስጡን ብቻ በግማሽ ቀን የሚጨርስ ጥቅል አዘጋጁ።

ምልክት፦ ጠርሙሱ ሲያልቅ አዲሱን መግዛት ያቅታል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በአሮጌው የግዢ ዋጋ ያሰሉ ሁሉ ይህን ቀምሰዋል። ስሌቱ ዛሬ መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ነው፣ ትናንት በተገዛበት አይደለም። የጽሑፍ ዋጋችሁ ላይ «ለ15 ቀን የሚያገለግል» በሉበት፤ ግድግዳ ላይ ያለውን አሮጌ ዝርዝር አንሱ።

ምልክት፦ ሴራሚክ (ቀለሙን የሚሸፍን መከላከያ ቅብ) ያስቀባው ደንበኛ «ውድ ነው፣ ውሃ አያንሸራትትም» ብሎ ይመለሳል

ዋጋው ለጠርሙሱ ብቻ ወጥቶ ዝግጅቱ ተዘልሏል። 30 ሚሊ ሊትር ለአንድ አነስተኛ መኪና ብዙውን ጊዜ ይበቃል፣ ለትልቅ ላንድክሩዘር 50 ያዙ። ሰዓት የሚበላው ግን ከሱ በፊት ያለው እጥበት፣ ክሌይ (ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ ሸክላ መሰል ነገር)፣ ፖሊሽና በአልኮል መጥረግ ነው፤ ከተቀባ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ ሳይነካው ቢያድር ይሻላል። ያ ሌሊት ቦታ መያዙን ደረሰኙ ላይ እንደ አንድ መስመር ጻፉት።