ለኤምኤክስ-5 ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ከመግዛታችሁ በፊት

ከ1989 እስከ 1997 የተመረተው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ። ከሁለተኛው ትውልድ የወረደ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ይገጥማል ወይ? አዎ፣ ሞተሩ ላይ ይገጥማል። ግን ቡሎኑ ገባ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ካምቢዮ ከፊቱ ቮላኖ (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) እና ፍሪሲዮን፣ ከኋላው ካርዳን (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ) እና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ጥርስ) አለው፤ ከነዚህ አንዱ ካልተስማማ ብዙ ለፍታችሁ ከበፊቱ የባሰ መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ከኋላ ልጀምር፣ የሚረሳው እሱ ነውና። «6ኛ ማርሽ ካለው በረጅም መንገድ ሞተሩ አይጮህም» ብሎ የሚገዛ ብዙ ነው። ቁጥሩን እዩት። ቁጥሩ ካርዳኑ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞተሩ ይበልጥ ይዞራል፣ ማርሹም አጭር ይባላል። የባለ 5ቱ 5ኛ ማርሽ 0.814 ነው፣ የባለ 6ቱ 6ኛ ደግሞ 0.843። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ሳትነኩ ካምቢዮውን ብቻ ከቀየራችሁ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ እንዲያውም ይበልጥ ይዞራል! 1ኛ ማርሽም ከ3.136 ወደ 3.760 ስለሚያጥር፣ በድሮው 4.30 ዲፈረንሻል (ካርዳኑ 4.30 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞርበት) ገና ከመነሳታችሁ 2ኛ ማስገባት ሊኖርባችሁ ነው። ማዝዳ ራሱ ባለ 6ቱን ብዙ ጊዜ ያጣመረው ከ3.909 ዲፈረንሻል ጋር ነው። 0.843ን በ3.909 ስታባዙት 3.30 ገደማ ይመጣል፤ የድሮው 0.814 በ4.30 ግን 3.50 ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በእኔ እምነት 3.909 ካላገኛችሁ ባለ 5ቱ ጋር መቆየት ይሻላል፤ ጠንካራ ካምቢዮ ነው፣ አትናቁት።

መኪናችሁ 1.8 ሳይሆን 1.6 ሊትር ሞተር ያለው ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። የእሱ ዲፈረንሻል ትልቁ ጥርስ 6 ኢንች ነው፣ የ1.8ቱ 7 ኢንች። ስለዚህ 3.909ን ለማስገባት ጎማውን የሚያዞሩት ሁለቱ አክስሎችና ካርዳኑም ከ1.8 መምጣት አለባቸው። ለየብቻ ከምትለቅሙ ሁሉንም ከአንድ መኪና የወረደ አድርጋችሁ ግዙ።

የፍጥነት ቆጣሪውም አለ። ፍጥነቱን የሚያነበው ከካምቢዮው ነው እንጂ ከጎማው አይደለም። ከ4.30 ወደ 3.909 ሄዳችሁ የቆጣሪውን ትንሽ ጥርስ ካልቀየራችሁ 100 ሲላችሁ በተግባር 110 እየሄዳችሁ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ትውልድ በገመድ፣ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ሴንሰር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ካምቢዮው ከቆጣሪያችሁ ጋር መስማማቱን እዩ፤ የኋላ ማርሽ መብራት ሶኬትንም አስተያዩ።

ወደ ፊት ስንመጣ ቀለል ይላል። የ1.6 ፍሪሲዮን 200 ሚሊሜትር ነው፣ የ1.8 ደግሞ 215። ሸራውን (የፍሪሲዮኑን ዲስክ)፣ ተጫኙን (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን) እና ቮላኖውን ቀላቅላችሁ አትግጠሙ፣ ሦስቱም የአንድ መጠን ይሁኑ። የ1.8ቱ ቮላኖ 1.6 ሞተር ላይ ስለሚታሰር ወደ ትልቁ መሄድ ይቻላል። ካምቢዮው ከወረደ ኩሽኔታዎቹን አብራችሁ ቀይሩ፤ ለአንድ ኩሽኔታ ብሎ እንደገና ማውረድ ያናድዳል።

ይህ መኪና ካምቢዮውን ከኋላ የሚይዝ የራሱ መደገፊያ የለውም። ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያይዘው ረጅም አልሙኒየም ነው የተሸከመው። ስለዚህ አልሙኒየሙን ከመፍታታችሁ በፊት ካምቢዮውን ከስር በክሪክ ደግፉ፣ መልሳችሁ ስታስሩም ከፍታውን ለክታችሁ አስተካክሉ፤ ከተዛባ ካርዳኑ ይንቀጠቀጣል።

የካምቢዮው ዘይት 75ደብልዩ-90 ጂኤል-4 ይሁን (የመጀመሪያው ውፍረቱን፣ ጂኤል የዘይቱን ደረጃ ይገልጻል)። አንዳንድ ጂኤል-5 ዘይት ውስጥ ያለው ኬሚካል የነሐስ ሲንክሮ (ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹን የሚያስማማ ቀለበት) ይበላል።

ስትገጥሙ ሸራውን በማስተካከያ ዘንግ መሃል አድርጉት። ካምቢዮው በእጅ ተገፍቶ ሞተሩ ጋር ሙሉ በሙሉ መድረስ አለበት። ትንሽ ክፍተት ከቀረ ቡሎን በማጥበቅ አትሳቡት፣ ካምፓናው (ሞተሩ ላይ የሚታሰረው የካምቢዮው ፊት ሽፋን) ይሰነጠቃል ወይም ሸራው ይጣመማል። መልሳችሁ አውጡት፣ ሸራውን እንደገና አስተካክሉ፣ 4ኛ ማርሽ አስገቡና ጥርሱ ቦታውን እስኪያገኝ ከካምቢዮው ጀርባ የሚወጣውን ዘንግ በእጅ እያዞራችሁ ግፉት።