ስፒናውን ከመሰካታችሁ በፊት፦ የድሮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ወዳጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የድሮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሠራ ማየት የምንወድ ሰዎች ጥቂት ነን። ልብሱማ በእጅም ይታጠባል። እኛ የምንፈልገው ክዳኑን ከፍተን ውሃው ሲዞር ማየት ነው። ማድረቂያው ሲነሳ የሚያሰማውን ፉጨት መስማት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ግቢ እንሰበሰባለን፣ ቡና ይፈላል፣ ማሽኑ ይበራል። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ጥሩ እጥበት ያልቃል።

መጠገኑ ሥራዬ ስለሆነ ብዙ የሞተ ማሽን አይቻለሁ። አብዛኛው ሥራ በዝቶበት አልሞተም። ዓመታት ተቀምጦ፣ አንድ ቀን ወጥቶ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሞተው። ባለቤቶቹ እኮ ይወዱታል። ግን ማሽኑ የተሠራው ለሌላ አገር መሆኑን ይረሳሉ። ለሌላ መብራት፣ ለሌላ ውሃ፣ ለሌላ ከፍታ።

ታርጋውን ሳያነቡ መሰካት

ይሄን እየተናገርኩ ጉሮሮዬ ደርቋል።

ወደ እኔ ከሚመጡት የድሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ከጂዳ የመጡ ናቸው። እናት ወይም አክስት ሳዑዲ ሠርታ ስትመለስ ያስጫነችው ባለ ሁለት ገንዳ የጃፓን ማሽን ነው። ናሽናል፣ ሳንዮ፣ ቶሺባ። በግራ ማጠቢያው፣ በቀኝ ማድረቂያው። ቆንጆ ዕቃ ነው። አሠራሩ ቀላል፣ ሞተሩ ጠንካራ። ልጆቹ ያድጉና አንድ ቀን ከዕቃ ቤት ያወጡታል።

ሳዑዲ በዚያ ዘመን ብዙው ቤት የሚጠቀመው 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነበር። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ማሽኑ ጀርባ ላይ ትንሽ ላሜራ ተለጥፋለች፤ ታርጋ የምለው እሷን ነው። ሁሉም ነገር እሷ ላይ ተጽፏል። አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ የእናቱን ማሽን ሊያበራ ጠራን። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ ነው። እኔ ገና በሩ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።

«ታርጋው ምን ይላል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እማዬ ጂዳ ሃያ ዓመት አጥባበታለች፤ ምን ይሆናል ብለው ነው?» አለኝና ሰካው።

ማሽኑ አገሳ። ወዲያው ጧ! የሚል ድምፅ መጣ፤ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ነው የፈነዳው። ከዚያ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። የሞተር ጥቅል ሲቃጠል ያሸተተ ሰው ሽታውን አይረሳም። እናትየው ምንም አላሉም፤ ጀበናውን አነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ግን ብዙ ተናገርኩ። አሁንም እየተናገርኩ ነው።

ከዚህ የተማሩት ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ። «ትራንስፎርመር ገዛሁ» ይሉኛል። ስንት ዋት? ለቴፕ የተገዛ 300 ዋት። ሞተር ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ታርጋው 300 ዋት ካለ ቢያንስ 1,000 ዋት የሚችል ፈልጉ።

ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የ60 ኸርዝ ሞተር በ50 ላይ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ይሄ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ለአሮጌ ኩሽኔታ እረፍት ነው። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ኸርዙ ወርዶ ቮልቱ ካልወረደ ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ ቮልቱንም በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ታርጋው 127 ካለ 110 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ልክ ይሆናል። 120 ለሚል የአሜሪካ ማሽን ደግሞ 100 የሚያወጣ ፈልጉለት። ሁልጊዜ እጃችሁን ሞተሩ አጠገብ አድርጉ፤ ሙቀቱ ካላማራችሁ አሳርፉት።

የሰዓት መቁጠሪያውም ነገር አለ። ባለ ሁለት ገንዳዎቹ ላይ ያለው አብዛኛው ጊዜ በሞላ የሚሠራ ስለሆነ ኸርዝ አያውቅም። የአሜሪካ አውቶማቲኮች ላይ ያለው ግን በራሱ ትንሽ ሞተር ይዞራል። አሥር ደቂቃ ያለው አሥራ ሁለት ይሆናል። ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።

ታርጋው 50/60 ወይም 220 ካለ ደግሞ ታድላችኋል። ግን አንብቡት።

ዓመታት የተቀመጠን ማሽን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ወዲያው ማብራት

መጀመሪያ በእጅ አዙሩት። ቺንጋውን ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ካልዞረ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ግራሶው ጠጥሯል። በደሴ ብርድ ግራሶ እንዴት እንደሚጠጥር ለእናንተ አልነግርም።

ጀርባውን ፍቱና ሽቦውን ተመልከቱ። አይጥ ሽቦ ይወዳል። አንድ ጊዜ ሞተሩ ሥር ሙሉ ቤተሰብ አግኝተናል፤ ከእነ ልጆቹ። የቤቱ እመቤት «ተዋቸው፣ እነሱም ባለቤት ናቸው» አሉኝ። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ቆየ።

ማሞቂያ ያለው ማሽን ከሆነ ማሞቂያውን አትመኑት። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት በዓመታት እርጥበት ይስባል። ያኔ መብራቱ ወደ ማሽኑ አካል ያመልጣል። አስለኩት። ተራ ቴስተር ይሄን ላያሳይ ይችላል፤ በከፍተኛ ቮልት የሚለካ መሣሪያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ።

ካፓሲተር ደግሞ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛል። ሳታራግፉት አትንኩት።

ያለ ኧርዝ ማብራት

ኧርዝ ከማሽኑ አካል ያመለጠውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። የድሮ ማሽን አካሉ ብረት ነው። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። እግራችሁ ባዶ ነው። «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ይሠራል» የሚለኝ ሰው ጋ ቡና አልጠጣም። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ማሽን አይሰካም። በቃ።

ደሴ ላይ 95 ዲግሪ መምረጥ

ይሄኛውን ስህተት እወደዋለሁ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የጦሳ ተራራ ነው።

የድሮዎቹ የአውሮፓ ማሽኖች፣ ከፊት የሚከፈቱት፣ ለነጭ ልብስ የሚሆን 90 ወይም 95 ዲግሪ አላቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ ውሃው የተመረጠው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ሰዓታቸውን ያቆማሉ። ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይቀጥላል። ብልህ አሠራር ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የገባበት ማሽን ልብሱን ሳያሞቅ አያልፍም።

ነገር ግን ውሃ በየቦታው እኩል አይፈላም። ባሕር ጠረፍ፣ አሰብ ላይ፣ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላና እዚያው ይቀራል። ቢነድድም ቢነድድም 95 አይገባም። ማሽኑ ደግሞ 95ን እየጠበቀ ነው። ሰዓቱ ቆሟል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሸዋ በር አካባቢ ከሚኖር ወዳጄ ስልክ መጣ። ከጣሊያን የመጣ የቆየ ማሽን አለው።

«ጋሼ፣ ከቀትር ጀምሮ እንደ ሽሮ እየተንተከተከ ነው። አልጨርስ አለ።»

«ስንት ላይ አድርገኸው ነው?»

«መጨረሻው ላይ! ነጠላዎቹ ፏ እንዲሉ ብዬ።»

ማሞቂያው 2,000 ዋት ነው። ከቀትር እስከ ማታ ቆጣሪው ምን ያህል እንደዞረ እናንተው አስሉት። እንፋሎቱ የሰዓቱን መቀየሪያ አርሶታል። ነጠላዎቹ በርግጥ ነጥተዋል፤ ጥለቱ ግን ቀለሙን ለቆ ሁሉም ወይን ጠጅ ሆኗል።

ደሴ ላይ ከ60 አትለፉ። መሞከር ካማራችሁ አጠገቡ ቁሙና ሰዓቱን በእጃችሁ አሳልፉት። በጊዜ ብቻ የሚሄዱ ማሽኖች ይሄ ችግር የለባቸውም። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ ባዶውን በ95 ሞክሩት፤ ውሃው እየፈላ መቁጠሪያው ንቅንቅ ካላለ ያው ነው።

አረፋ ለቪዲዮ ያምራል ብሎ ኦሞ መድፋት

ሳፋ ላይ ለእጅ እጥበት የምንጠቀምበት ዱቄት ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ደግሞ አረፋ ጠላቱ ነው። ልብሱ ወደ ላይ ወጥቶ መውደቅ አለበት፤ እጥበቱ ያ ነው። አረፋ ከሞላ ልብሱ ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ይሆናል። ፓምፑ አረፋ መግፋት አይችልም። ከበሮው ይከብዳል፣ ሞተሩ ይጨነቃል።

አንድ ጎረምሳ ለቲክቶክ ብሎ ግማሽ ፓኬት ደፋበት። አረፋው በሳሙና መሳቢያው ወጣ፣ በላሜራው ስንጥቅ ወጣ፣ ቺንጋው ላይ ደረሰ። ቺንጋው ተንሸራተተ። ሞተሩ ብቻውን ሲሮጥ ከበሮው ቆመ። ልጁ ግን ደስ ብሎት ይስቃል። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽም። በኋላ ግን ቺንጋውን ያስቀየርኩት ከራሱ ኪስ ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ካመለጣችሁ አቁሙት፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምሩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። እንዶድ ልጨምርበት ወይ ለሚሉኝም መልሱ ያው ነው፤ እንዶድ ከኦሞ የማይተናነስ አረፋ አለው። ባለ ሁለት ገንዳው ላይ ሞክሩት፤ እሱ አረፋ ይችላል፣ ሽታውም ደስ ይላል።

የበዓል ዋዜማ ማታ ማሳየት

ዘመድ ስለሚመጣ ማሽን ማሳየት ያምራል። ግን በዓረፋ ወይም በፋሲካ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዷል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። መስመሩ 180 ቮልት ላይ ከወረደ ሞተሩ ለመነሳት ያለው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ያኔ እም... ይላል እንጂ አይዞርም። እም ብሎ ያልዞረ ሞተር በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። «ትንሽ ጠብቁት፣ ይነሳል» አይባልም። አይነሳም። ይቃጠላል።

ኮንክሪቱን አውጥቶ መጣል

አዎ፣ ደርሷል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ልጅ ማሽኑን ፈታና ውስጡ የኮንክሪት ጥርብ አገኘ። «ሻጩ ክብደት ጨምሮ አታሎኛል» ብሎ አውጥቶ ደጅ ላይ የእግር መረገጫ አደረገው። ማድረቂያው ሲነሳ ማሽኑ ከመታጠቢያ ቤት ተነስቶ ሳሎን ገባ። ሽቦው ነው ያቆመው።

ኮንክሪቱ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ከበሮው በፍጥነት ሲዞር ማሽኑ እንዳይዘል ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የቤንዲክስ አውቶማቲክማ ወለሉ ላይ በቡሎን መታሰር ነበረበት። በሌላ በኩል ለመጓጓዣ የገቡትን ቡሎኖች አለማውጣትም ያው መዘዝ አለው። ኮንክሪቱ ይቀመጥ፣ የጉዞ ቡሎኖቹ ይውጡ።

የታጠበ ጋቢ ብቻውን ማድረቂያ ውስጥ አትክተቱ። በአንድ ጎን ይቆለልና ማሽኑን ያናውጠዋል። ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ጠቅጥቁት። ከበሮው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እጅ አይገባም፤ የድሮ ማሽን ፍሬን ብዙ ጊዜ አልቋል።

ነጠላ ለብሶ መጭመቂያ አጠገብ መቆም

ባለ ሁለት ጎማ መጭመቂያ ያላቸው ማሽኖች እኛ ጋ ብርቅ ናቸው። ሜይታግ እ.ኤ.አ. እስከ 1983 ድረስ ይሠራቸው ነበር። ሲሠራ ማየት እንዴት ደስ ይላል! እርጥቡ ልብስ ገብቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጎማው የጨርቁን ጫፍ ከያዘ ጣት ይከተላል፣ ከጣት በኋላ ክንድ። እትዬዎቹ ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ የነጠላቸው ዘርፍ ወደ ጎማው ይወርዳል። ነጠላውን አስወልቋቸው፤ ቅር ቢላቸውም ይሻላል። ልጆችን አርቁ። ማላቀቂያው እጀታ የት እንዳለ ሳታውቁ፣ ደረቁን ሳትሞክሩት፣ መብራት አትስጡት። ስትጨርሱ ደግሞ ጎማዎቹን አላልታችሁ ተዉ፤ ተጫጭነው ካደሩ አንድ ጎናቸው ይጎደጉዳል።

ትንንሾቹ

ሮቶው ጣሪያ ላይ ስላለ ውሃ ይበቃል ማለት አይደለም። አሥር ሜትር ከፍታ ገና አንድ ባር ነው። የድሮ አውቶማቲክ ከቤቱ ጣሪያ በሚመጣ ውሃ ላይሞላ ይችላል። በሳሙና መሳቢያው በባልዲ ሙሉለት።

ላሜራውን አሸብርቃለሁ ብላችሁ ቀለም አትቀቡ። የፋብሪካው ቀለም ቢላጥም ይሻላል፤ ታርጋው ላይ የቀባማ ዓይኔ አይየው።

ከእይታ በኋላ ውሃውን አራግፉ፣ ክዳኑን ክፍት ተዉ። አለበለዚያ ጎሚኒው ይሸታል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ጎሚኒ ደግሞ አይገኝም።

የተቃጠለውን ሞተር አትጣሉ። በዘመናዊ ሞተር የተተካ ማሽን ይዞራል፣ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም። ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሁንም አሉ። የሰኞ ገበያው ልጅ የእናቱን ሞተር አስጠቅልሎታል፤ በዚያው ለ220 እንዲሆን አድርገው ነው የጠቀለሉለት። ታርጋው ግን እንደድሮው 127 ይላል። አጠገቡ በትልቁ እንዲጽፍበት ነግሬዋለሁ። እስካሁን አልጻፈም።