የወንድ እርቃን ንድፍ፦ እንዴት ይታያል፣ እንዴት ይገዛል፣ እንዴት ይጠበቃል

በአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ተማሪው መጀመሪያ የታተመ ንድፍ ይገለብጥ ነበር። ቀጥሎ የጀሶ ሐውልት ይሰጠዋል። እጁ ሲፈታ ራቁቱን ከቆመ ሰው ፊት ይቀመጣል። በ1648 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመው ንጉሣዊ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ ለዚህ ትምህርት የሚያቆመው ወንድ ሞዴል ነበር፤ ንድፉም በትምህርት ቤቱ ስም «አካዴሚ» ተባለ። ብዙ ትውልድ ስለነደፈው፣ አብዛኛውም የሠሪው ስም የሌለበት ስለሆነ፣ መጠነኛ ገንዘብ ይዞ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ በር የለም።

ክብደቱን ይፈልጉ

ፊቱንና ጡንቻውን ይተዉና ሰውየው ክብደቱን የጣለው የት እንደሆነ ይጠይቁ። እርሳስ ቀጥ አድርገው ከአንገቱ ጉድጓድ ወደ ታች ይያዙ። በአንድ እግሩ ተደግፎ የቆመ ሰው ከሆነ እርሳሱ በዚያው እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ማረፍ አለበት። ክብደቱን የተሸከመው ዳሌ ከፍ ይላል፣ በዚያው በኩል ያለው ትከሻ ደግሞ ዝቅ ይላል። መስመሩ ከእግሩ ውጪ ከወደቀ ሞዴሉ የያዘው ነገር እንዳለ ይመልከቱ፦ ዱላ፣ ከጣሪያ የወረደ ገመድ፣ ከእግሩ ሥር የተቀመጠ ሣጥን። ለረጅም ሰዓት ክንዱን አንሥቶ የሚቆም ሰው ያለ ድጋፍ አይችልምና እነዚህ ነገሮች የሥራው አካል ናቸው። ድጋፍ ከሌለና መስመሩ ከሳተ ግን ንድፉ ሰውን ሳይሆን የሰውን ቅርፊት ይዟል።

ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ሁሉንም ጡንቻ እኩል ማጥቆር ነው፤ የሚሠራው ጡንቻና ያረፈው ተለይተው አይታዩም። ሁለተኛው ትንንሽ እግር ነው፦ ከራስ የጀመረ ተማሪ ወረቀቱ ከታች ሲያጥረው እግሩን ያሳጥረዋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት የላይኛው ክፍል የቱንም ያህል ቢያምር አንመክርም።

ዓይንን ለማሠልጠን የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የፒየር ፖል ፕሩዶንን (1758–1823) እርቃን ንድፎች ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል። በሰማያዊ ወረቀት ላይ ጥቁርና ነጭ ጠመኔ ይዞ ይሠራ ነበር፤ የወረቀቱን ቀለም እንደ መካከለኛ ጥላ ይተወዋል፣ ነጩን ብርሃን በሚመታው ቦታ ብቻ ይጨምራል። የተማሪነት ዘመኑ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላም ሞዴል ፊት መቀመጡን አልተወም፤ የነደፈው ሰውነት የሚሞቅ የሚመስለውም ከዚያ ትጋት ነው።

ከፍሬሙ ሳይወጣ አይግዙ

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ትንሽ ባትሪና የአልትራቫዮሌት መብራት ይያዙ። በመነጽሩ ሲያዩት ከሰል በወረቀቱ ጉብታዎች ላይ ብቻ ተቀምጦ ጎድጓዳው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዱቄቱም ላይ ላዩን ይታያል። በረድፍ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ካዩ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። የሚያታልለው ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ የታተመ ሥዕል) ነው፦ ቅንጣቱ የእጅ ከሰል ይመስላል፣ ዱቄት ግን የለውም።

ባትሪውን በጎን አጋድመው ሲያበሩ እጥፋት፣ ቅዳጅና በላጲስ የተፋቀ ቦታ ይወጣል። ከኋላ ሲያበሩ የወረቀቱ የውሃ ምልክትና ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር የሚራራቁ መስመሮች ይታያሉ፤ በማሽን የተሠራ ወረቀትም እነዚህን መስመሮች ስለሚያስመስል ብቻቸውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆኑም። አልትራቫዮሌቱ የበለጠ ይናገራል። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ከ1950 ገደማ ወዲህ የመጣ የማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው፤ «የ19ኛው መቶ ዘመን ነው» ከተባለ ይመልሱት።

ጀርባውን ሳያዩ አይሂዱ። ትንሽ የቀለም ማህተም የቀድሞ ሰብሳቢ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የኔዘርላንዱ ሰብሳቢ ፍሪትስ ሉግት በ1921 ያሳተመው የማህተሞች መዝገብ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይፈለጋል። ሥራው ከ1933 እስከ 1945 አውሮፓ ውስጥ ከነበረ በማን እጅ እንደቆየ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በናዚዎች ዘመን ከአይሁድ ቤተሰቦች የተዘረፈ ብዙ ነውና። የሴት ፊርማ ያለበት የቆየ አካዴሚ ካገኙ ደግሞ በጥንቃቄ ያጥኑት፦ የፓሪሱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን የተቀበለው በ1897 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራው ጥቂት ነው።

ማስቀመጥ

ብዙ ንድፍ የሚበላሸው ፍሬም ውስጥ ነው። ተራ ካርቶን አሲድ ስላለው በተቆረጠው ጠርዝ ልክ ቡናማ መስመር ያትማል። ተለጣፊ ፕላስተር በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ባለሙያ ብቻ ነው።

ከጥጥ የተሠራ ከአሲድ ነፃ ካርቶን ይጠቀሙ። ንድፉን ከካርቶኑ ጋር ለሚያያይዘው ሙጫ 1 እጅ የስንዴ ስታርች በ5 እጅ ውሃ በዝግታ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እያማሰሉ ያብስሉ፤ ሲቀዘቅዝ በወንፊት ያጥልሉት። የጃፓን ወረቀት (ስስና ጠንካራ ወረቀት) በእርጥብ ብሩሽ አስምረው በእጅ ይቅደዱ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ከፊት በኩል ጎብጦ ይታያል። ሁለት ቁራጭ በንድፉ የላይኛው ጠርዝ ጀርባ ላይ፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይለጥፉና በመምጠጫ ወረቀትና በክብደት ሥር ያድርቁ። አራቱንም ጠርዝ አይለጥፉ፤ ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ መስፊያ ካጣም ይቆረፍዳል። የማያያዣው ወረቀት ከንድፉ የሳሳ ይሁን፦ ፍሬሙ ቢወድቅ መቀደድ ያለበት እሱ ነው።

ለከሰልና ለጠመኔ ንድፍ በመስታወት ፈንታ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) አይጠቀሙ፤ በኤሌክትሪክ ሙሌቱ ዱቄቱን ይስባል። አልትራቫዮሌት የሚያግድ መስታወት ያስገቡና ከወረቀቱ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ያርቁት። ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቅ ማጽኛ ፈሳሽ በቆየ ንድፍ ላይ መርጨት ጥቁሩን ያጠቁራል፣ መካከለኛውን ጥላ ይገድላል።

ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ፤ በዓመት ሦስት ወር ሰቅለው ቀሪውን በሣጥን ያኑሩት። የፕሩዶን ሰማያዊ ወረቀቶች ብዙዎቹ ዛሬ ወደ ግራጫና ቡናማ ያዘነበሉት በብርሃን ነው፤ ቀለሙ አንዴ ከሄደ አይመለስም። እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ከ65 ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ክረምቱን ከውጭ ግድግዳ ያውርዱት፤ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ከአየር ማቀዝቀዣው አፍ ያርቁት። በፍሬሙ ታችኛ ማዕዘኖች ጀርባ ትንንሽ ቡሽ ይለጥፉ፣ አየር እንዲያልፍ። በዓመት አንዴ አውርደው ጀርባውን የሸፈነውን ወረቀት ይመርምሩ፤ ቀዳዳ ካለው ነፍሳት ገብቷልና ሳይውል ሳያድር ይክፈቱት።